የሞተር ድራይቭ ረብሻና ንዝረት፦ ማጣሪያ ከመግዛታችን በፊት የትኛውን መፍትሔ እንምረጥ?

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ባሉት ፎቆች ምድር ቤት ስንወርድ የምናየው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች፣ ከአጠገባቸው ውኃውን ወደ ላይኛው ወለል የሚገፉ ሁለት ወይም ሦስት ፓምፖች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የፓምፖቹን ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ። ድራይቩ አገጣጠሙ ሲበላሽ ሦስት ዓይነት አቤቱታ ያስነሳል። ሞተሩ ያፏጫል፤ ወይም በአቅራቢያው ያለ ሌላ መሣሪያ ይረበሻል፤ ወይም ሞተሩና የሚያሽከረክረው ዕቃ ይንቀጠቀጣሉ። የሕንጻ አስተዳዳሪዎች ሦስቱንም በአንድ ስም «ኢንቨርተሩ ችግር አለበት» ብለው ይጠሩታል፤ እኛ ባለሙያዎችም አንዳንዴ በአንድ መድኃኒት ልናክማቸው እንሞክራለን። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ለላላ ብሎን ማጣሪያ ሲገዛ፣ ላልታሰረ ኤርዝ ሞተር ሲቀየር አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ኢንቨርተር የሚለው ቃል በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራውን መሣሪያ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የምናወራለትን ዕቃ «ድራይቭ» እያልኩ እጠራዋለሁ። ሱቅ ስትሄዱም እንዲሁ ብትጠሩት ይሻላል።

ከምርጫ በፊት መለየት

መፍትሔዎቹን ለማወዳደር ከመነሳታችን በፊት ምንም ወጪ የሌላቸውን ጥቂት ሙከራዎች ማድረግ ይገባል። የመጀመሪያው ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት እያሽከረከሩ ድራይቩ ኃይሉን በድንገት ለቅቆ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እንዲቆም ማድረግ ነው። ማኑዋሎች ይህን ኮስት ስቶፕ ይሉታል። ኃይሉ በተቋረጠበት ቅጽበት ንዝረቱ ወይም ድምፁ ከጠፋ መነሻው ኤሌክትሪክ ነው፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ ቀስ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ሜካኒካል ነው፤ በመሃል በሆነ ፍጥነት ላይ ድንገት ጨምሮ እንደገና ከቀነሰ ደግሞ መሠረቱ ወይም ቧንቧው ከፍጥነቱ ጋር እየተስተጋባ ነው። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ሲደረግ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ካሪየር ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ድራይቩ ቮልቴጁን የሚያበራበትንና የሚያጠፋበትን ድግግሞሽ፣ ለጊዜው ለውጦ ማዳመጥ ነው፤ ፉጨቱ ቃናውን ከቀየረ ምንጩ ታወቀ። ሦስተኛው ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘውን ካፕሊንግ ፈትቶ ሞተሩን ብቻውን ማሽከርከር ሲሆን፣ ሞተሩ ብቻውን ሲሆን ጸጥ ካለ ጥፋቱ ያለው በአሰላለፉ ወይም በፓምፑ ውስጥ ነው። ፓኔሉ በቀጥታ ከመስመር የሚያስነሳ መንገድ ካለው ደግሞ ሞተሩን በ50 ኸርዝ ያለ ድራይቭ ማሠራትና ማነጻጸር ይቻላል፤ ነገር ግን የመስመር ቮልቴጅ በድራይቩ መውጫ በኩል እንዳይገባ የሚከለክሉት ሁለቱ ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ትልልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በሜካኒካል መቆለፊያ መያያዛቸውን ሳታረጋግጡ ይህን አትሞክሩ፤ ድራይቩ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል።

ፉጨት፦ ካሪየር ማሳደግ፣ ሳይን ማጣሪያ መግጠም ወይስ መተው

ድራይቭ ከመስመሩ የተቀበለውን ቮልቴጅ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፤ በ380 ቮልት መስመር ላይ ይህ ወደ 540 ቮልት ይጠጋል። ከዚያ ይህን ቮልቴጅ በሴኮንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ ለሞተሩ የሚመች ሞገድ ይሠራለታል። ይህ የማብራትና የማጥፋት ድግግሞሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 16 ኪሎ ኸርዝ ባለው ውስጥ ስለሚሆንና የሰው ጆሮ ከሁሉ በላይ ንቁ የሚሆነው ለ2፣ ለ3 እና ለ4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ድምፅ በመሆኑ፣ ሞተሩ እንደ ትንኝ ሲያፏጭ ይሰማል።

በጣም የሚዘወተረው መፍትሔ ካሪየሩን ወደ 10 ወይም 12 ኪሎ ኸርዝ ማሳደግ ነው፤ የቁጥር ለውጥ ብቻ ስለሆነ ነፃ ይመስላል። ነፃ ግን አይደለም። ድራይቩ ውስጥ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ባበሩና ባጠፉ ቁጥር ሙቀት ስለሚያመነጩ፣ ካሪየሩ ሲያድግ ድራይቩ ያለ አደጋ ሊሰጥ የሚችለው ከረንት ይቀንሳል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ተደርቦ ይመጣል። የከተማችን መሃል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ ድራይቩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ያንኑ ያህል አየር እየገፋ ያነሰ ሙቀት ያወጣል። አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ እንድንቀንስ ያዛሉ፤ ይህ በእኛ ዘንድ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። 7.5 ኪሎ ዋት ተብሎ የሚሸጥ ድራይቭ ብዙውን ጊዜ 17 አምፔር ይሰጣል፤ 13 በመቶ ስንቀንስ 14.8 ይቀራል። የሞተሩ ታርጋ 15.4 አምፔር ካለ፣ ካሪየሩን ሳንነካው እንኳ ድራይቩ በሙሉ ጭነት ላይ አንሷል። በዚህ ላይ ካሪየሩን ከ4 ወደ 12 ማሳደግ ማለት በዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ነው። የከተማችን አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ አንዳንድ አምራቾች ከፍታውን በሙቀቱ ማካካስን ይፈቅዳሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ለቢሮ ክፍል እንጂ ከጄኔሬተር ጋር በአንድ ምድር ቤት ለታጎረ ፓኔል አይሠራም።

ስለዚህ ፉጨቱ ሰው በማይቀመጥበት ምድር ቤት ውስጥ ከሆነ የእኔ ምርጫ መተው ነው። ቢሮ ወይም የሆቴል መኝታ ክፍል አጠገብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካሪየሩን በመጠኑ፣ ለምሳሌ እስከ 6 ወይም 8፣ አሳድጎ የድራይቩን ሙቀት በራሱ ማሳያ መከታተል፤ ይህ ካልበቃ ከሞተሩ በአንድ ደረጃ የሚበልጥ ድራይቭ መግዛት ይመረጣል። የድራይቩን ምቶች ወደ ለስላሳ ሞገድ የሚቀይረው ሳይን ማጣሪያ ፉጨቱን ከሁሉም በተሻለ ያጠፋዋል፤ ሆኖም ውድና ከባድ ከመሆኑም ሌላ ቮልቴጁን በጥቂቱ ስለሚቀንስና ካሪየሩ ከተወሰነ ቁጥር በታች እንዳይወርድ ስለሚጠይቅ፣ ለፉጨት ብቻ ተብሎ ሲገዛ እምብዛም አያዋጣም።

የሌሎች መሣሪያዎች መረበሽ

ሰፊውና ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚታከመው ችግር ይህ ነው። አንድ ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ ተጠርቼ ሄድኩ። ሁለቱ ፓምፖች ያለ ምክንያት እየተነሱ እየቆሙ ነዋሪው ሻወር ላይ እያለ ውኃው ይቆራረጥበታል። የግፊት ሰንሰሩ ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የጥገናው ድርጅትም ለሦስተኛ ጊዜ ሊቀይረው ዋጋ አቅርቧል። ፓኔሉን ስከፍተው የሰንሰሩ ገመድ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ 40 ሜትር ያህል አብሮ ተጉዟል። የሰንሰሩ ምልክት ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚሄደው ዓይነት ነበር። ሞተሩ ሲቆም ንባቡ 3.2 ባር ላይ ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከ2.6 እስከ 4.1 ይዘልላል።

ለዚህ ዓይነቱ ረብሻ ቢያንስ አምስት አማራጭ አለ፤ ዋጋቸውም ከምንም እስከ ብዙ ሺህ ብር ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ማክበር ከምርጫው እኩል ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ገመዶቹን መለያየት ነው። የምልክት ገመድ ከሞተር ኬብል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አብረው የሚጓዙበት ርቀት በረዘመ መጠንም ይህ ክፍተት ይስፋ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥተኛ ማዕዘን ይሻገሩ። ቀጥሎ ኤርዙ ነው። ከድራይቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤርዝ ከሦስቱ ፌዞች ጋር በአንድ ኬብል ውስጥ መሄድ አለበት፤ ብዙ ቦታ እንደሚታየው ሞተሩን በአቅራቢያው ካለ የውኃ ቧንቧ ወይም የብረት ምሰሶ ጋር ብቻ ማሰር አይበቃም። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ከረንት ወደ ድራይቩ መመለስ ስላለበት፣ አጭር መንገድ ካላዘጋጀንለት በሰንሰሩ ገመድ በኩል የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ሺልድ፣ ማለትም ሽቦዎቹን የሚሸፍን የብረት መረብ፣ ያለው የሞተር ኬብል ነው። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፤ አገጣጠሙ ከተበላሸ ደግሞ ገንዘቡ ውኃ በላው ማለት ነው። ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ፣ በድራይቩም በሞተሩም በኩል፣ ዙሪያውን በብረት መያዣ ተጨምቆ መታሰር አለበት። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ሺልዱን ጠምዝዘን እንደ አሳማ ጅራት አስረዝመን በአንድ ብሎን ማሰር ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች እንዲህ ያለች ጅራት ለከፍተኛ ድግግሞሽ ትልቅ እንቅፋት ስለምትሆን የሺልዱን ጥቅም አብዛኛውን ታሳጣለች። ኬብሉ በሚታሰርበት ቦታ የፓኔሉ ቀለም ተፍቆ ብረቱ መታየት እንዳለበትም አይረሳ። የምልክት ገመድ ሺልድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዝቅተኛ ድግግሞሽ የአናሎግ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጫፍ፣ በድራይቩ በኩል ብቻ ይታሰራል።

አራተኛው የምልክቱን ዓይነት መቀየር ነው። ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ሰንሰር ከ0–10 ቮልቱ እጅግ ያነሰ ይረበሻል፤ በዚያ ላይ ገመዱ ሲበጠስ ንባቡ ከ4 በታች ስለሚወርድ ብልሽቱ ራሱን ይናገራል። ሰንሰር ለመቀየር ተገድዳችሁ ከሆነ ያንኑ ዓይነት ደግሞ መግዛት ትርጉም የለውም፤ የአራት ኪሎው ሕንጻ ስሕተትም ይኸው ነበር።

የመግቢያ ማጣሪያ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማጣሪያው ረብሻው በመስመሩ በኩል ወደ ሌሎች መሣሪያዎች እንዳይሄድ ይከለክላል እንጂ፣ ከሞተር ኬብሉ በቀጥታ ወደ ሰንሰር ገመድ የሚዘልለውን አያስቆምም። ሬዲዮ፣ የካሜራ ሥርዓት ወይም የሊፍት መቆጣጠሪያ በአንድ መስመር ላይ ሆኖ ከተረበሸ ማጣሪያ ተገቢ ነው፤ ብዙ ድራይቮችም በውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። ማጣሪያው የተወሰነ ከረንት ወደ ኤርዝ ስለሚያፈስ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የኤርዝ መከላከያ ብሬከር ያለ ጥፋት ሊወድቅ ይችላል፤ ለሦስት ፌዝ ድራይቭ ደግሞ ቀጥተኛ ከረንትንም የሚያውቀው ቢ ዓይነቱ ብሬከር ነው የሚያስፈልገው። እንዲሁም የጄኔሬተሩ ኒውትራል ከኤርዝ ጋር ካልታሰረ በማኑዋሉ መሠረት የማጣሪያውን ብሎን መፍታት ያስፈልግ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል።

በአራት ኪሎው ሕንጻ የሠራነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሰንሰሩን ገመድ ለብቻው በሌላ ግድግዳ አዙረን ሳብነው፣ ሰንሰሩንም በ4–20 ለወጥነው። ንባቡ ከ3.1 እስከ 3.3 ባር ባለው ውስጥ ረጋ። ማጣሪያ መግዛት አላስፈለገም።

በድራይቩና በሞተሩ መካከል፦ ሪአክተር፣ ዲቪዲቲ ማጣሪያ ወይስ ድራይቩን ማቅረብ

ድራይቩ የሚልከው የቮልቴጅ ምት ከዜሮ ወደ 540 ቮልት የሚወጣው ከማይክሮ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ምቱ በኬብሉ ውስጥ በማይክሮ ሴኮንድ 150 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ ግድግዳ እንደነካ ኳስ ተመልሶ ይነጥራል። ምቱ ከዜሮ ወደ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 0.2 ማይክሮ ሴኮንድ ከሆነ ከ15 ሜትር በላይ የሆነ ኬብል የሞተሩን ጫፍ ቮልቴጅ ወደ እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1,080 ቮልት፣ ሊያደርሰው ይችላል። አዲስና ለድራይቭ የተሠራ ሞተር ይህን ይችላል። በእኛ ከተማ ግን ብዙው ሞተር አንድ ሁለቴ ተጠቅልሎ የተመለሰ ነው፤ ሲጠቀለል ምን ዓይነት ሽቦና ቫርኒሽ እንደገባበት የሚያውቅ ደግሞ ጠቅላዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተጠቀለለ ሞተር ማኑዋሉ የሚፈቅደውን የኬብል ርዝመት እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ከሦስቱ አማራጮች የተሻለው ድራይቩን ከሞተሩ አጠገብ ማድረግ ነው፤ ያልተመረጠበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ፓኔሉ ቀድሞ ሌላ ቦታ መሠራቱ ብቻ ነው። ምድር ቤቱ ውኃ የሚያቁር ከሆነ ግን ይህ አይመከርም። ሪአክተር፣ ማለትም በመስመሩ ላይ የሚገባ የሽቦ ጥቅልል፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ የምቱን አወጣጥ ያለዝባል፣ ለመካከለኛ ርቀትም ይበቃል። የቮልቴጁን የመጨመር ፍጥነት የሚገድበው ዲቪዲቲ ማጣሪያ ለረዥም ኬብልና ለአሮጌ ሞተር ይሻላል። ሳይን ማጣሪያን የምመርጠው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ለገባ ፓምፕ ነው፤ ኬብሉ ከመቶ ሜትር ስለሚበልጥና ፓምፑን አውጥቶ መጠገን ከማጣሪያው ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ።

የኩሽኔታ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ድራይቩ በሞተሩ ዘንግ ላይ ቮልቴጅ ስለሚያጠራቅም፣ ይህ ቮልቴጅ በግራሶው ስስ ሽፋን በኩል እየፈነጠረ የኩሽኔታውን መንገድ ይበላዋል። የተበላ ኩሽኔታ ሲከፈት ውስጡ እንደ ትልም ትይዩ የሆኑ መስመሮች ይታዩበታል፤ አዲስ የተቀየረ ኩሽኔታ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ሲጮህ ይህን አይታችሁ ከሆነ ግራሶ መቀየር አያድነውም። ለትናንሽና መካከለኛ ሞተሮች ዘንጉን ከኤርዝ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት ይመረጣል፤ ከ100 ኪሎ ዋት በላይ ለሆኑት ደግሞ በሞተሩ ኋላ በኩል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ኩሽኔታ ይጨመራል። ኤርዙ ሳይስተካከል የሞተሩን ኩሽኔታ ብቻ መሸፈን ከረንቱን በካፕሊንጉ በኩል ወደ ፓምፑ ኩሽኔታ ሊልከው ይችላል።

ንዝረት፦ ድራይቩን ማስተካከል ወይስ ብረቱን

ሞተሩ በ50 ኸርዝ ቀጥታ ሲሠራ የኖረና ያልተንቀጠቀጠ ሆኖ ድራይቭ ከገባ በኋላ ከተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሁሉ ድራይቩን ይወነጅላል። ብዙ ጊዜ ግን ድራይቩ ያደረገው ሞተሩ ከዚህ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው ፍጥነት መውሰድ ብቻ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት የጭስ ማውጫ ፋኑ 37 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ጣሪያው ሁሉ ይርገፈገፍ ነበር። ባለ አራት ፖል ሞተር በዚህ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 1,080 ዙር፣ በሴኮንድ 18 ዙር ይሽከረከራል፤ ፋኑ የተንጠለጠለበት ፍሬም የራሱ መወዛወዣ እዚያው ላይ ነበር። አንድ በያጅ ፍሬሙን በአንግል ብረት አጠናክሮት ሄደ፤ ንዝረቱ 37 ላይ ጠፍቶ 44 ላይ መጣ።

ለዚህ ከሁሉ ርካሹ አማራጭ ድራይቩ የተወሰነ የፍጥነት ክልል እንዲዘልል ማዘዝ ነው፤ አብዛኞቹ ድራይቮች ቢያንስ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ክልሎችን ይቀበላሉ። ከ42 እስከ 46 ያለውን አዘለልነው፤ ሲነሳና ሲቆም ክልሉን በፍጥነት እንዲያልፍም የመነሻ ጊዜውን አሳጠርነው። ይህ የሚመረጠው ክልሉ ጠባብ ሲሆን ነው። የሚዘለለው ክልል ከ8 ወይም ከ10 ኸርዝ ከሰፋ፣ ወይም ፓምፑ በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው ላይ ከሆነ፣ ወደ ብረቱ መሄድ ግድ ነው፤ የጎማ መቀመጫ መቀየር፣ አሰላለፉን ማስተካከል፣ የሚሽከረከረውን ክንፍ (ኢምፔለሩን) ማመጣጠን። የሞተሩ አራት እግሮች ሁሉም መሠረቱን እኩል መንካታቸውንም አንድ ብሎን በአንድ ጊዜ እያላሉ ማየት ነው፤ አንዱ ሲላላ ንዝረቱ ከቀነሰ እግሩ ሥር ስስ ላሜራ ያስፈልጋል።

በቁጥር ለመወሰን ለሚፈልግ፣ ከ15 እስከ 300 ኪሎ ዋት ለሆነና በጠንካራ መሠረት ላይ ለተቀመጠ ማሽን በሴኮንድ እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር ያለ ንዝረት ለረዥም ጊዜ ሥራ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ከ4.5 በላይ ከሆነ ጉዳት የሚያደርስ ነው።

ሞተሩ ያለ ጭነት ወይም በቀላል ጭነት በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ሲወዛወዝና አምፔሩ ከፍ ዝቅ ሲል ግን ጥፋቱ የድራይቩ ነው። የቮልቴጅ ማሳደጊያው ወይም በጭነት የሚጠፋውን ፍጥነት የሚመልሰው የስሊፕ ማካካሻ ሲበዛ ይህ ይሆናል። ሁለቱን መቀነስ መጀመሪያ ይሞከር፤ ካልበቃ የሞተሩን ታርጋ በትክክል አስገብቶ አውቶ ቱኒንግ ማድረግ (ድራይቩ ሞተሩን ራሱ ለክቶ እንዲያውቀው) እና በዚያ ልኬት ወደሚሠራው ቬክተር ቁጥጥር መሸጋገር ይቻላል። ለፓምፕና ለፋን ቬክተር የግድ አይደለም፤ ሁለት ሞተር በአንድ ድራይቭ ላይ ከታሰረ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

የመግቢያው በኩል

በመግቢያው በኩል ብዙ የሚመረጥ የለም። 3 በመቶ የሆነ ሪአክተር ከድራይቩ በፊት መግጠም ወደ መስመሩ የሚመለሰውን የ250 እና የ350 ኸርዝ ረብሻ በብዙ ይቀንሳል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከሚገባው ድንገተኛ ምትም ድራይቩን ይጠብቃል። በውስጡ ዲሲ ቾክ (ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ጥቅልል) ያለው ድራይቭ ከተገዛ ይህን መዝለል ይቻላል። ሕንጻው ፓወር ፋክተር ማስተካከያ ካፓሲተሮች ካሉት በመስመሩ በኩል እንጂ ፈጽሞ በድራይቩ መውጫ በኩል አይሁኑ፤ ድራይቮች ሲበዙም ካፓሲተሮቹ ሪአክተር ያላቸው መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ካፓሲተሮቹ ራሳቸው ይጮኻሉ፣ ያብጣሉም።

ችግሩ ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ድራይቩን አትክፈቱ። መጀመሪያ በጄኔሬተሩ ላይ የሦስቱን ፌዞች ቮልቴጅ በቴስተር ለኩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ3 በመቶ ከበለጠ አንደኛው ፌዝ ብዙ ጭነት ተጭኖበታል፤ ይህም በድራይቩ መግቢያ ላይ የከረንት ልዩነቱን በብዙ እጥፍ ያሰፋዋል። ለመክፈት ከተገደዳችሁም ብሬከሩን ከጣላችሁ በኋላ ማኑዋሉ የሚያዘውን ደቂቃ ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠብቃችሁ የዲሲ ጫፎቹን በቴስተር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ።